ምድር ቤት፥ ደርብና ፎቅ፤ በእንግሊዝኛ እንዴት ይቈጠራሉ?

በዛሬው ገጻችን ልንናገርለት ያሰብነው ነገር ሲሰሙት ቀላል መስሎ የሚታይ፥ ሲገቡበት ግን ብዙ አዋቂዎችን የሚያሳስት ነው። ይኸውም የአንድ ሕንፃ ደርቦች በእንግሊዝኛ ቋንቋ በምን በምን ስም እንደሚጠሩና ከየትኛው ተጀምረው እንደሚቈጠሩ ነው። እንግሊዝኛ ዛሬ በመሥሪያ ቤት፥ በሐኪም ቤትና በሆቴል ከአማርኛችን ጐን ተሰልፎ ስለሚሠራ፥ ይህ ነገር የሰዋስው መምህራን ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ቤት የሚከራይ፥ ሕመምተኛ የሚያስታምም፥ ለሠርግ እንግዳ የሚጠራ፥ ውል የሚፈርም ሁሉ ይነካዋል።

እንበልና አንድ የጎንደር ተወላጅ በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ከተማ ተቀምጦ፥ ጕልበታቸውን የሚያማቸውን አረጋዊት እናቱን ወደ እርሱ ሊያመጣ አስቦ ቤት ይፈልጋል። አከራዩ «ቤቱ በፈርስት ፍሎር ነው» ብሎ ቢጽፍለት፥ ልጁም በትምህርት ቤት የእንግሊዞችን አነጋገር የተማረ እንደ ሆነ፥ «ፈርስት ፍሎር ማለት አንደኛ ፎቅ ነው፤ እናቴ በየቀኑ ደረጃ መውጣት አይችሉም» ብሎ መልካሙን ቤት ይተወዋል። ቤቱ ግን ከደጅ በቀጥታ የሚገባበት፥ ደረጃ የማይወጣበት ምድር ቤት ነበረ። እኅቱ ደግሞ በሎንዶን ከተማ የምትኖር ብትሆንና ቃሉን እንደ አሜሪካውያን ተርጕማ በዚያ ብትዋዋል፥ እናቲቱ ለዳቦም፥ ለቤተ ክርስቲያንም፥ ለሐኪምም ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ሊኖሩ ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ ፊደሉም አንድ ነው፤ በሁለቱ አገሮች መካከል ግን አንድ ሙሉ ፎቅ ልዩነት አለ።

የነገሩ ሥር እንዲህ ነው። «ፍሎር» የሚለው ቃል ቀዳሚ ትርጓሜው እኛ ወለል የምንለው ነው፤ ይኸውም እግር የሚረግጠው፥ መጥረጊያ የሚያርፍበት ነው። ከዚያም ቃሉ እየሰፋ ሄዶ፥ በአንድ ወለልና በአንድ ጣሪያ መካከል ያለውን የቤት ክፍል በሙሉ የሚጠሩበት ሆነ። በእንግሊዝ አገር ከመሬት ጋራ ትክክል የሆነው «ግራውንድ ፍሎር» ይባላል፤ የምድር ወለል ማለት ነው። ከእርሱ በላይ ያለው «ፈርስት ፍሎር»፥ ከዚያም በላይ ያለው «ሰከንድ ፍሎር» እየተባለ ይወጣል። በአሜሪካ ግን ከመሬት ጋራ ትክክል የሆነው ራሱ «ፈርስት ፍሎር» ነው። ስለዚህ እንግሊዙ አንደኛ የሚለውን አሜሪካዊው ሁለተኛ ይለዋል፤ ይህም እስከ ሕንፃው ጫፍ ድረስ ይቀጥላል።

ለምን እንደዚህ ሆነ የሚል ቢኖር፥ እኛ የሚመስለንን እንናገራለን። በድሮ ዘመን ቤት ውስጥ ምድሩ የተደለደለ ዐፈር ነበረ፤ አናጢ በሳንቃ የሠራው የመጀመሪያው ወለል ከራስ በላይ ያለው ነው። እንግሊዙ የሰው እጅ ያነጠፈውን ሲቈጥር ምድሩን እግዚአብሔር ላነጠፈው ተወለት። አሜሪካዊው ደግሞ የተሠራውንም ያልተሠራውንም ሳይለይ፥ ሰው የሚቆምበትን ሁሉ ከታች ጀምሮ ቈጠረ። ፈረንሳዮችና ኢጣሊያኖች፥ ከዓረቦችም ብዙዎቹ ከእንግሊዞች ጋራ ይስማማሉ፤ ሩስያውያን፥ ቻይናዎችና ጃፓኖች ደግሞ እንደ አሜሪካውያን ምድሩን አንድ ብለው ይጀምራሉ። በእኛ አገር ከሁለቱም ወገን መምህር ስለ መጣ የተማሩት ልጆቻችን ሁለቱንም ሰምተዋል። ከጠላት ወረራ በኋላ በትምህርት ቤቶቻችን የእንግሊዞች እጅ ነበረበት፤ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1962 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ገቡ። በራሷ በጎንደርም በ1947 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሲቋቋም፥ የአሜሪካ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅትና ከዩኒሴፍ ጋራ ረድቶ ነበር። እንግዲህ አንድ የጎንደር ተማሪ ከሁለት መምህራን ሁለት ዓይነት «ፈርስት ፍሎር» ተምሮ ቢወጣ አያስደንቅም።

እንግሊዝኛ ግን ሁለተኛ ቃል አለው፤ እርሱም «ስቶሪ» ነው። ይህ ቃል በድምፁ ታሪክ ከሚባለው ቃል ጋራ አንድ ነው፤ እንግሊዞች ለመለየት አንዲት ፊደል ጨምረው ይጽፉታል፥ አሜሪካውያን ግን ሁለቱን ሳይለዩ ይጽፋሉ። ሥሩ «ሂስቶሪያ» የሚል የላቲን ቃል ሲሆን፥ የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚገምቱት በጥንት ሕንፃዎች ፊት ላይ ረድፍ በረድፍ ከተሣሉት ወይም ከተቀረጹት የታሪክ ሥዕሎች የተነሣ፥ የሥዕሉ ረድፍ ስም ለሕንፃው ረድፍ ተላልፎ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴን የተሳለሙ አንባቢዎቻችን ይህን ለማስተዋል አይቸገሩም፤ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የቅዱሳን ታሪክ አንዱ ረድፍ በሌላው ላይ ተደርቦ ተሥሎ ይታያልና። ታሪክ ተደርቦ ሲቆም ደርብ ይመስላል።

የስቶሪ ጥቅሙ በሁለቱም አገር አቈጣጠሩ አንድ መሆኑ ነው። ስቶሪ ብለው ሲቈጥሩ ምድሩ ዘወትር ይቈጠራል። በሎንዶንም በኒው ዮርክም «ቱ ስቶሪ» የሚባለው ቤት ምድር ቤትና ከእርሱ በላይ አንድ ፎቅ ያለው ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። በሎንዶን ሦስት ስቶሪ ያለው ቤት የመጨረሻው ፎቁ «ሰከንድ ፍሎር» ነው፤ አንዱ ቃል ሦስት ሲል ሌላው ሁለት ይላል። አስተርጓሚ ሁለቱን ቃላት እንደ አንድ አድርጎ «ፎቅ» ብሎ ከተረጐማቸው፥ ሳያስበው የሌለ ፎቅ ይሠራል ወይም ያለውን ያፈርሳል።

አሁን ወደ ራሳችን ቋንቋ እንመለስ። አማርኛ ለዚህ ነገር ደኻ ነው የሚሉ ሰዎች እንሰማለን፤ እኛ ግን ከእንግሊዝኛው የተሻለ ባለጠጋ ነው እንላለን። «ፎቅ» የሚለው ቃላችን ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ በዓረብኛ ፈውቅ ማለት በላይ ማለት ነው። እንግዲህ ቃሉ ራሱ ከየት እንደሚቈጠር ይናገራል፤ በላይ ያልሆነ ፎቅ ሊባል አይችልም፥ ምድር ቤትም ፎቅ አይደለም። ሰውም በአነጋገሩ ይህን ጠብቆታል፤ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሲሉ ከምድሩ በላይ አንድ ያለውን ማለታቸው ነው። ስለዚህ የአማርኛው ፎቅ የእንግሊዞቹን ፍሎርና የፈረንሳዮቹን «ኤታዥ» በትክክል ይተካል። ዛሬ መሐንዲሶቻችንና ባለ ቤቶች «ጂ ፕላስ ፎር» የሚሉትም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ጂ የተባለችው ፊደል የግራውንድ መጀመሪያ ስትሆን፥ ምድር ቤት ሲደመር አራት ፎቅ ማለት ነው። እንዲያው ባለ አራት ፎቅ ቢሉት በአማርኛ ምን ይጐድል እንደ ነበረ አይታየንም።

«ደርብ» ግን ሌላ ነው። ደረበ ከሚለው ግሥ የወጣ ነውና፥ አንዱን በአንዱ ላይ መነባበርን ያመለክታል፤ ኩታ ሲደረብ የታችኛውም የላይኛውም ንጣፍ እንደሚቈጠር፥ ቤትም ሲደረብ ከታችኛው ይጀመራል። ለዚህ ምስክራችን መጽሐፍ ቅዱስ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 6 ለኖኅ መርከብ ትእዛዝ ሲሰጥ፥ አማርኛው የመርከቢቱን ደርቦች ታችኛው፥ ሁለተኛውና ሦስተኛው እያለ ይጠራቸዋል። ከታችኛው ቀጥሎ ያለው ሁለተኛ እንጂ አንደኛ አልተባለም፤ ስለዚህ ታችኛው አንድ ተብሎ ተቈጥሯል ማለት ነው። በዚያው ስፍራ የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ስቶሪ የሚለውን ቃል ይዟል። ደግሞ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20 ቅዱስ ጳውሎስ ነገሩን ሲያስረዝም እንቅልፍ የጣለው አውጤኪስ የሚባል ጐበዝ ከሦስተኛው ደርብ እንደ ወደቀ ተጽፏል። የግሪኩ ቃል ሦስት ጣሪያን የሚያመለክት ስለ ሆነ ከምድር ጀምሮ የሚቈጠር ነው፤ ጐበዙም የወደቀው እኛ ዛሬ ሁለተኛ ፎቅ ከምንለው መስኮት ነው።

እንግዲህ ስቶሪን በደርብ፥ የእንግሊዞቹን ፍሎር በፎቅ ብንተረጕም ነገሩ ሁሉ ይስተካከላል። አንዳንዱ ሰው ደርብ ሲል የላይኛውን ብቻ ማለቱ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ «ከደርብ ላይ ነው» ይላል። በመነጋገር ይህ አይጐዳም፤ ቁጥር ሲገባበት ግን ከላይ ያልነውን መለያ መጠበቅ ይገባል። ለማስታወስም ደረጃን መቍጠር ይበቃል፤ ከምድር ተነሥተን የወጣነው የደረጃ ዙር ስንት እንደ ሆነ የፎቁ ቁጥር ያ ነው፤ በዚያ ላይ አንድ ቢጨመርበት የደርቡ ቁጥር፥ የአሜሪካውያንም የፍሎር ቁጥር ይሆናል።

ይህን መለያ በታላቅ ሥራ ላይ ልንፈትነው ብንወድ፥ ከጎንደር የተሻለ ስፍራ የለም። ዐፄ ፋሲለደስ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1632 እስከ 1667 ሲነግሡ፥ ጎንደርን በ1636 መናገሻ አድርገው በዚያ ያሠሩት ግንብ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። የነገሥታቱ ግንቦች ያሉበት ግቢ 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ቅጥር የተከበበ ነው፤ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በአራቱ ማዕዘን ራሳቸው ክብ የሆነ ግንቦች አሉት፤ ከዋናውም ሕንፃ ጣሪያ በላይ ሌላ አራት ማዕዘን ማማ ከፍ ብሎ ይወጣል። ቁመቱ እስከ ማማው ጫፍ 32 ሜትር ያህል ነው። አስጎብኚዎች እንደሚናገሩት ታችኛው ክፍል የግብርና የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ ነበረ፤ ከሰገነቱ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝቡ ይናገሩ ነበር፤ በማማው ውስጥ ያለው ክፍል ደግሞ የእልፍኛቸው መኝታ ነበረ።

ስለዚህ ግንብ የተጻፉትን የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ስናመሳክር ቁጥራቸው አይገጥምም። አንዱ ሁለት ስቶሪ አለው ይላል፤ ሌላው ሦስት ይላል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1770 ጎንደር የገባው የስኮትላንዱ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ፥ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ፥ ግንቡ ቀድሞ አራት ስቶሪ ቁመት እንደ ነበረውና ከላዩ ሆኖ የደቡቡን አገር እስከ ጣና ባሕር ድረስ ማየት ይቻል እንደ ነበረ ጽፏል። በእርሱ ዘመን ቤቱ በየጊዜው ከደረሰበት ቃጠሎ የተነሣ ብዙው ክፍል ፈራርሶ፥ ሰው በሰፊው የሚቀመጠው ከታች ባሉት ሁለት ፍሎሮች እንደ ነበረ ደግሞ ጨምሯል። አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን የምንወደው፥ ብሩስ በአንድ ስፍራ ሁለቱንም ቃላት እንደ ተጠቀመ ነው፤ ቁመቱን ሲናገር ስቶሪ አለ፥ ሰው የሚኖርበትን ሲናገር ፍሎር አለ። ፍሎሮቹንም አንደኛና ሁለተኛ ብሎ ቁጥር አልሰጣቸውም፤ ከታች ያሉት ሁለቱ ብሎ አለፈ። በዚህ ብልህ ነበረ እንላለን፤ ከእንግሊዝም ከአሜሪካም የመጣ አንባቢ ያለ ክርክር ይረዳዋልና።

የብሩስን ቃል ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «ባለ አራት ፎቅ» ብሎ ቢጽፍ ግን፥ በዐፄ ፋሲል ግንብ ላይ አምስተኛ ደርብ ጨመረበት። ትክክሉ አራት ደርብ፥ ወይም ባለ ሦስት ፎቅ ማለት ነው። የመጻሕፍቱም ልዩነት እኛ እንደምናየው ከመዋሸት የመጣ አይደለም፤ ዋናውን ሕንፃ ብቻ የቈጠረ ሁለት ይላል፥ በማማው ውስጥ ያለውን እልፍኝ የጨመረ ሦስት ይላል፥ ከዚያም በላይ ያለውን መመልከቻ የቈጠረ አራት ይደርሳል። ማማን እንደ ደርብ መቍጠር ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ግን ለክርክር የሚተርፍ ነው። የእርሻ ጠባቂ ዝንጀሮ ለመመለስ የሚወጣበትን ማማ ማንም ደርብ ብሎት አያውቅም፤ ንጉሥ የተኛበት ማማ ግን አልጋና መስኮት ካለው ደርብ መባሉ የሚያሳፍር አይመስለንም።

ከግንቦቹ ቀጥሎ በጎንደር ፎቅን ያበዙት ኢጣሊያኖች ናቸው። ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ከተማዋን በያዙበት ጊዜ የአማራ ግዛት ብለው ላቋቋሙት አስተዳደር ዋና ከተማ አደረጓት፤ ፒያሳ የሚባለውም ሰፈር ከፖስታ ቤቱና ከሲኒማ ቤቱ ጋራ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ኢጣሊያኖች ደርብን «ፒያኖ» ይሉታል፤ ከበገና ዘመድ ከሆነው የፈረንጅ ዜማ ዕቃ ጋራ አንድ ስም መሆኑ ለሰሚው ያስገርማል። አቈጣጠራቸው እንደ እንግሊዞች ስለ ሆነ «ፕሪሞ ፒያኖ» ማለት ከምድሩ በላይ ያለው ነው። በድሮ መኳንንት ቤታቸው ከሁሉ የከበረው ይኸው ነበረ፤ ስሙንም «ፒያኖ ኖቢሌ» ይሉት ነበር፥ የመኳንንት ደርብ ማለት ነው። በምድሩ ላይ ዕቃ ቤትና ወጥ ቤት ይሆናል፤ በላዩ ላይ ጣሪያው ከፍ ያለ፥ መስኮቱ ሰፊ የሆነ የእንግዳ አዳራሽ ይሠራል። በእንግሊዝ አገርም በባለጠጎች ቤት የቤቱ ሠራተኞች በታች ስለሚውሉ፥ «ዳውን ስቴርስ» ማለት አሽከሮች፥ «አፕ ስቴርስ» ማለት ጌቶች ማለት እስኪሆን ድረስ ደረጃ ማዕርግን ለይቶ ነበር። በዛሬው ዘመን ይህ ተገልብጦ፥ ሱቅ የሚከራይ ሰው ለምድሩ ክፍል ይሻማል፤ ገበያተኛ ደረጃ መውጣት አይወድምና።

አሳንሰር በገባበት ሕንፃ ደግሞ ስሕተቱ በጣት ጫፍ ላይ ነው። በእንግሊዝ አገርና በአገራችን ብዙ ሕንፃዎች ምድሩ በጂ ፊደል ወይም በ0 ይጻፋል፤ በአሜሪካ 1 ተብሎ፥ አንዳንድ ጊዜም በኤል ፊደል ይጻፋል፥ እርሷም ሎቢ፥ ማለት የመግቢያ አዳራሽ፥ ለሚባለው ቃል ምልክት ናት። ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጣ ዘመድ በጎንደር ሕመምተኛ ሊጠይቅ ገብቶ ሁለተኛ ፎቅ ቢሉትና አንድ ደረጃ ብቻ ወጥቶ ቢፈልግ፥ የማያውቀውን ሰው አልጋ ሊቀሰቅስ ይችላል።

የሕንፃዎች ቁመት ሲወራም ይህ ያጋጥማል። በአዲስ አበባ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር በላይ ቁመት አለው፤ ስለ ፎቁ ብዛት ግን አንዱ ጽሑፍ 46 ሲል ሌላው 48 ብሏል። ሜትሩ ላይ ብዙ አልተጣሉም፤ ፎቁ ላይ ተለያዩ። ይህን ያወቁ ሕግ አውጪዎች በ2001 ዓ.ም. በወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በምድብ ሲከፋፍሉ፥ በደርብ ብዛት ብቻ ሳይወሰኑ 12 ሜትር የሚል የቁመት ልክም አግብተውበት ነበር።

ስለ ታችኛው ነገር አንድ ቃል እንጨምር። «ምድር ቤት» የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ልብ አለው፤ አንዳንዱ ከመሬት ጋራ ትክክል ለሆነው፥ አንዳንዱ ከመሬት በታች ተቈፍሮ ለተሠራው ይናገረዋል። እንግሊዝኛው እዚህ ላይ ከእኛ ይሻላል፤ የመጀመሪያውን ግራውንድ ፍሎር፥ ሁለተኛውን «ቤዝመንት» ብሎ ይለያል፤ ጠላና ወይን ለማቀዝቀዝ የሚሆነውንም ጠባብ ጕድጓድ ቤት «ሴላር» ይለዋል። እኛም ከመሬት በታች ያለውን የምድር ውስጥ ቤት ብንል፥ ምድር ቤት የሚለው ለላይኛው ብቻ ተጠብቆ ይቀር ነበር። በምድርና በአንደኛ ፎቅ መካከል ዝቅ ብሎ የሚሠራው ግማሽ ፎቅ «ሜዛኒን» ይባላል፤ እርሱም ከኢጣሊያንኛ የመጣ፥ መካከለኛ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ አይቈጠርም፤ ኪራይ ግን ይከፈልበታል።

ከማይቈጠሩት አንዱ በሰሜን ደጋ፥ በዳባትና በደባርቅ በኩል ያለው ቆጥ ነው። በዚያ ብርድ አገር ከብቱ ከታች ሆኖ፥ ሰው በእንጨት በተረበረበ ቆጥ ላይ የሚያድርበት የቤት አሠራር አለ፤ የከብቱ ትንፋሽ እስከ ሌሊት ያሞቃል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለውን ተረት የማያውቅ የለም፤ ቆጥ ከራስ በላይ መሆኑ ከዚሁ ይታወቃል። እንግሊዞች ለዚህ «ሎፍት» የሚል ቃል አላቸው፤ እንዲያውም በ1611 የታተመው መጽሐፍ ቅዱሳቸው አውጤኪስን የጣለው ከሦስተኛው ሎፍት ነው። በጣሪያው ሥር ለዕቃ የሚሆነውን «አቲክ» ይሉታል። ባለ ቆጥ ቤት ያለው ገበሬ ግን ባለ ፎቅ ነኝ አይልም፤ እንግሊዙም ሎፍቱን እንደ ስቶሪ አይቈጥርም። በዚህ ሁለቱ ሕዝቦች ሳይነጋገሩ ተስማምተዋል።

በመጨረሻ ለጎንደር ነዋሪዎች ለብቻቸው የምንናገረው አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፥ በአንገረብና በቀሐ ወንዞች መካከል ባለ ተዳፋት ላይ ተሠርታለች። ስለዚህ አንድ ሕንፃ በላይኛው መንገድ በኩል ሲገቡበት ምድር ቤት የሆነው ክፍል፥ በታችኛው መንገድ በኩል ለሚመጣ ሰው አንደኛ ፎቅ ይሆናል። እንግሊዞች በእንዲህ ያለ ስፍራ ዝቅ ያለውን «ሎወር ግራውንድ ፍሎር» ማለት ታችኛው የምድር ወለል ይሉታል፤ ይህም ቤዝመንት አይደለም፥ በር አለውና፥ ፀሐይም ይገባዋልና። እንዲህ ያለ ቤት የሚያከራዩ ወይም የሚከራዩ በውሉ ላይ ፎቁን በቁጥር ብቻ ሳይጽፉ፥ በየትኛው መንገድ በኩል ካለው በር እንደ ተቈጠረ፥ ከዚያም በር ስንት ደረጃ እንደሚወጣ ወይም እንደሚወረድ ጨምረው ያስጽፉ። ለሠርግ ወይም ለተዝካር እንግዳ የሚጠሩም በወረቀቱ ላይ እንዲሁ ያድርጉ፤ ሽማግሌዎችና ነፍሰ ጡሮች ካሉ ደግሞ በላይኛው በር እንዲገቡ አስቀድመው ይንገሯቸው።